የአስቫብ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፦ ከምጣዱ ዋት እስከ ትራንዚስተር

ወደ አሜሪካ ጦር ለመግባት ያሰበ ልጅ ከሪክሩተር (የጦሩ መልማይ) ቢሮ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ጭንቀት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ፈተናው ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አለ አሉኝ። እኔ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ አላውቅም። እንዴት ነው የማልፈው?» ይላል። መልሱ ቀላል ነው፦ በኤሌክትሮኒክስ ማለፍም መውደቅም የለም። ይህን ካወቁ በኋላ ደግሞ ብዙዎች ክፍሉን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። እሱም ልክ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፈተናው አስቫብ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሁሉም የአሜሪካ የጦር ክፍሎች የሚመዘግቧቸውን ወጣቶች በዚህ ፈተና ይለያሉ። በውስጡ ብዙ ክፍሎች አሉት። ሳይንስ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ የቃላት እውቀት አለ፣ አንብቦ መረዳት አለ፣ ስለ መኪናና ስለ ወርክሾፕ መሣሪያ የሚጠይቅ አለ። ኤሌክትሮኒክስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጦሩ በር ላይ የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው ውጤት ግን ከአራት ክፍሎች ብቻ ይሰላል። ሁለቱ ሒሳብ፣ ሁለቱ እንግሊዝኛ ናቸው። ይሄ ውጤት ኤኤፍኪውቲ ይባላል። ኤሌክትሮኒክሱ እዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም።

ታዲያ ለምን ይጠየቃል? ሥራ ለመመደብ ነው። የገባ ሰው ሁሉ ጠመንጃ ይዞ አይሮጥም። ራዳር የሚጠግን አለ፣ የአውሮፕላን የመገናኛ መሣሪያ የሚፈትሽ አለ፣ መርከብ ላይ የሬድዮ ክፍሉን የሚይዝ አለ። ለእነዚህ ሥራዎች ጦሩ ሌላ ድምር ያወጣል። በምድር ጦር፣ በባሕር ኃይል፣ በአየር ኃይልም ሆነ በማሪን የኤሌክትሮኒክስ ድምር የሚሠራው ከአራት ነገሮች ነው፦ ከጠቅላላ ሳይንስ፣ በጽሑፍ ከሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ፣ ከሒሳብ እውቀትና ከኤሌክትሮኒክስ መረጃ። ከአራቱ ሁለቱ ሒሳብ እንደሆኑ ልብ በሉ። ኤሌክትሮኒክሱን በቃሉ የሸመደደና ክፍልፋይ ማባዛት የሚያቅተው ልጅ ብዙ አይራመድም።

ስለዚህ ሒሳቡና እንግሊዝኛው የሚያስጨንቃችሁ ከሆነና ፈተናው የቀረው ጥቂት ሳምንት ከሆነ፣ ኤሌክትሮኒክሱን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ በሩን እለፉ። ሒሳቡ ደህና ለሆነለት፣ የቴክኒክ ሥራ ለሚፈልግና ከጦሩ ሲወጣ ሙያ ይዞ መውጣት ለሚያስብ ግን በኤሌክትሮኒክሱ ላይ የሚወጣው ድካም የሚያስቆጭ አይደለም።

አንድ ነገር ሪክሩተሩ ቀድሞ ላይነግራችሁ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተራ ወታደርነት መመዝገብ ይችላል፤ በዲቪ የመጡ ብዙ ልጆቻችንም በዚሁ መንገድ ገብተዋል። ነገር ግን ከኤሌክትሮኒክስና ከመገናኛ ሥራዎች ብዙዎቹ የምስጢር ፈቃድ ይጠይቃሉ። የምስጢር ፈቃድ ደግሞ በመደበኛው አሠራር ለዜጋ ነው የሚሰጠው። ውጤታችሁ አሪፍ ሆኖ ሥራው ሊከለከላችሁ ይችላል ማለት ነው። ዜግነት ገና ካላገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «የምመረጥበት ሥራ የምስጢር ፈቃድ ይጠይቃል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መልሱንም በወረቀት እዩት።

ሦስቱ ቁጥሮች

አሁን ወደ ትምህርቱ። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ከሚያስበው በላይ ያውቃል። ፊዚክሱን በእንግሊዝኛ ነው የተማረው፤ የኦም ሕግም እዚያው አለ። የሚጥለው ሌላ ነው። ሒሳቡን ያለ ካልኩሌተር መሥራት አለበት፣ ጥያቄው የሚያወራው ስለ አሜሪካ ቤት ሽቦና ሶኬት ነው፣ ጊዜውም ጥቂት ነው።

መሠረቱ ሦስት ነገር ነው፦ ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሬዚስታንስ። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አስቡ። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው በኃይል ይወርዳል፤ ያ ግፊት ቮልቴጅ ነው። በቧንቧው ውስጥ በሰከንድ የሚያልፈው ውኃ ከረንት ነው። ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ወይም ዝገት ከዘጋው ውኃው ይቸገራል፤ ያ ሬዚስታንስ ነው። ቮልቴጅ በቮልት፣ ከረንት በአምፒር፣ ሬዚስታንስ በኦም ይለካል። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሐሳብ ሦስቱን ያገናኛል፦ ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ሁለቱን ካወቃችሁ ሦስተኛው ይወጣል። አራተኛ ቁጥር ዋት ነው፤ እሱ ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት ነው።

ይሄ በወረቀት ላይ ደረቅ ነው። ወጥ ቤት ይዘነው እንግባ። አሜሪካ ያለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግርጌውን ብታዩ 120 ቮልት፣ 1500 ዋት የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። 1500ን ለ120 አካፍሉ፤ 12.5 አምፒር። ምጣዱ የሚስበው ከረንት ይሄ ነው። አሁን 120ን ለ12.5 አካፍሉ፤ 9.6 ኦም። ምጣዱ ውስጥ ያለው የሚግለው ሽቦ ሬዚስታንስ ይሄ ነው።

እንጀራው እየተጋገረ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ 1200 ዋት የሆነ የሻይ ማፍያ በዚያው መስመር ላይ ሰካ እንበል። 1200 ለ120 ሲካፈል 10 አምፒር ነው። ከምጣዱ ጋር 22.5 ሆነ። የአሜሪካ ቤት የሶኬት መስመር ብሬከር አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 20 አምፒር ነው። ጠቅ ይልና መብራቱ ይጠፋል፤ እንጀራውም ምጣዱ ላይ ጥሬውን ይቀራል። ብሬከሩ ለምን እንደወረደ በዚህ መልኩ ማስረዳት የቻለ ሰው ከኤሌክትሮኒክሱ ክፍል ስሌቶች አብዛኞቹን መሥራት ይችላል። ፈተናው ላይ ምጣድ አይጻፍም እንጂ ጥያቄው ይሄው ነው።

ትንሽ እንጨምር። ይሄንኑ ምጣድ አንድ ሰው ለእናቱ ስጦታ ብሎ አዲስ አበባ ወስዶ 220 ቮልት ላይ ቢሰካውስ? ሽቦው ያው 9.6 ኦም ነው። ከረንቱ 22.9 አምፒር ገደማ ይሆናል። ዋቱ ከ5000 ያልፋል። ቮልቴጁ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ዋቱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ዘለለ። ምክንያቱም ቮልቴጁ ሲጨምር ከረንቱም አብሮ ይጨምራል፣ ዋት ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው። ፈታኞች ይህቺን ይወዷታል፦ «ቮልቴጁ እጥፍ ቢሆን ሬዚስታንሱ ሳይቀየር ኃይሉ (ዋቱ) ስንት እጥፍ ይሆናል?» መልሱ አራት ነው፤ ሁለት ብሎ የሚመልሰው ብዙ ነው።

ቅጥያዎቹን አትናቁ። ሚሊ አንድ ሺህኛ፣ ማይክሮ አንድ ሚሊዮንኛ፣ ኪሎ ሺህ፣ ሜጋ ሚሊዮን። 9 ቮልት ባትሪ ላይ 450 ኦም ቢገጠም ከረንቱ 0.02 አምፒር ነው። ከምርጫዎቹ መካከል ግን 0.02 አታገኙም፤ 20 ሚሊአምፒር ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ከጎኑ ደግሞ 2 ሚሊአምፒርና 200 ሚሊአምፒር አድፍጠው ይጠብቃሉ።

ሬዚስተሮች (ሬዚስታንስ እንዲሰጡ የሚገጠሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ተከታትለው ሲገጠሙ ይደመራሉ። 4፣ 8 እና 12 ኦም በአንድ መስመር ከተቀጣጠሉ 24 ኦም ነው፤ 12 ቮልት ብትሰጡት ግማሽ አምፒር ያልፋል። ጎን ለጎን ሲገጠሙ ግን ከረንቱ ተጨማሪ መንገድ ስለሚያገኝ ድምሩ ያንሳል። 6 ኦምና 3 ኦም ጎን ለጎን ቢሆኑ ማባዛት፣ ከዚያ ለድምራቸው ማካፈል፦ 18 ለ9፣ 2 ኦም። ማስላቱ ቢያቅታችሁ እንኳ አንድ ነገር ያዙ፤ ጎን ለጎን የተገጠሙ ሬዚስተሮች ጠቅላላ ሬዚስታንስ ሁልጊዜ ከትንሹም ያንሳል። ይህቺን ብቻ ይዛችሁ አንዳንድ ጊዜ ከአራት ምርጫ ሦስቱን ትሰርዛላችሁ።

አሜሪካ የሚለይባቸው

እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው ያደግነው። የአሜሪካ ቤት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት ተለዋዋጩ ከረንት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ ዙር እንደሚሠራ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሲ ነው፣ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ። ከባትሪ የሚመጣው ዲሲ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ።

የቤት ሽቦ ቀለምም ይጠየቃል። በአሜሪካ ጥቁሩ ኃይል ያለበት ነው፣ ነጩ ኒውትራል (የመመለሻው መስመር) ነው፣ አረንጓዴው ወይም ፕላስቲክ ያልለበሰው መዳብ የመሬት መስመር (ግራውንድ) ነው። አገር ቤት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር የሠራ ልጅ እዚህ ላይ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል፤ እጁ የለመደው ቀለም ሌላ ሊሆን ይችላል። ማብሪያ ማጥፊያውም ሆነ ፊውዙ የሚገባው በጥቁሩ መስመር ላይ ነው። በነጩ ላይ ቢገባ አምፖሉ ይጠፋል፤ ኃይሉ ግን እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ሰው ሊመታ ይጠብቃል።

የሽቦ ውፍረት ቁጥሩ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። ለ15 አምፒር መስመር 14 ቁጥር የመዳብ ሽቦ፣ ለ20 አምፒር ደግሞ 12 ቁጥር ይዘረጋል። 22 ቁጥር እንደ ክር የቀጠነ ነው። «ከሚከተሉት ብዙ ከረንት የሚችለው የትኛው ሽቦ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ትልቁን ቁጥር የሚመርጥ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በትምህርት ቤት ከተማርነው ይጋጫል። የኛ መጽሐፍ ከረንት ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል ብሎ ነው ያስተማረን። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኤሌክትሪክ ማሠልጠኛ ጽሑፎች ግን ኤሌክትሮኑን ይከተላሉ፤ ኤሌክትሮን ከኔጋቲቭ ወጥቶ ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል። ሁለቱም አካሄድ ስሌቱን አይቀይረውም። ጥያቄው «ኤሌክትሮኖች» ካለ ግን ከኔጋቲቭ ተነሱ።

ዕቃዎቹ

የድሮ ሬድዮ ወይም ቴፕ ጋር ይመጣ የነበረውን፣ ግድግዳ ላይ ሲሰካ በክብደቱ የሚያዘነብለውን ጥቁር አዳፕተር ታስታውሳላችሁ? አንዱን ፈትታችሁ ብታዩት ግማሹ ትምህርት እዚያ ውስጥ አለ። ስትፈቱት ታዲያ ከሶኬት የተነቀለ መሆኑን አረጋግጡ።

ክብደቱ የሚመጣው ከትራንስፎርመሩ ነው። በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ አይነካኩም። በአንደኛው ኤሲ ሲያልፍ ብረቱ ውስጥ የሚለዋወጥ ማግኔታዊ መስክ ይፈጠራል፤ እሱ በሁለተኛው ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይወልዳል። ቮልቴጁን የሚወስነው የዙር ብዛት ነው። በመግቢያው 500 ዙር፣ በመውጫው 50 ዙር ካለ 120 ቮልት ገብቶ 12 ቮልት ይወጣል። ወጥመዱ ይኼ ነው፦ «12 ቮልት ባትሪ በትራንስፎርመር ላይ ቢገጠም በመውጫው ስንት ቮልት ይኖራል?» ዜሮ። ዲሲ አይለዋወጥም፣ የማይለዋወጥ መስክ ደግሞ ምንም አይወልድም። በደንብ ማስላት የሚችለው ልጅ ነው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ የሚሳሳተው፤ ዙሩን አይቶ ወዲያው ማካፈል ይጀምራል።

ከትራንስፎርመሩ ቀጥሎ አራት ዳዮዶች አሉ። ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። አራቱ ተቀናጅተው የሚወዛወዘውን ኤሲ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞሩታል፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ነገር ሬክቲፋየር ይባላል። የሚወጣው ግን ገና ወጣ ገባ የበዛበት ነው። ያንን የሚያለሰልሰው ሲሊንደር የሚመስለው ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር ቻርጅ ያጠራቅማል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ከያዘው ይሰጣል። የሚለካው በፋራድ ነው። ዲሲን ያግዳል፣ ኤሲን ያሳልፋል። ዕቃው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ትልልቅ ካፓሲተር በጣት አይነካም። የሱ ተቃራኒ ጠባይ ያለው ጥቅልል ሽቦ ኢንዳክተር ይባላል። በሄንሪ ይለካል፤ ዲሲን በቀላሉ ሲያሳልፍ ኤሲን ይቃወማል።

ትራንዚስተር አዳፕተሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ፈተናው ላይ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ላቦራቶሪ የተፈጠረ ነው። ሦስት እግር አለው፦ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኢሚተር። ቤዙ ላይ የምትሰጡት ትንሽ ከረንት በሌሎቹ ሁለት መካከል የሚያልፈውን ትልቅ ከረንት ያዝዛል። ስለዚህ እንደ ማብሪያ ማጥፊያም፣ ድምፅን እንደሚያጎላ ነገርም ያገለግላል። የሚሠራበት ሲሊከን ሴሚኮንዳክተር ነው፤ በራሱ ጥሩ አስተላላፊ ስላልሆነ ባዕድ ነገር በጥቂቱ ይጨመርበታል። ስለ አስተላላፊ ካነሳን፣ ከብረቶች ሁሉ ከረንትን በደንብ የሚያስተላልፈው ወርቅ ሳይሆን ብር ነው። መዳብ ሁለተኛ ነው፤ ዋጋው ስለሚቀንስ ግን ቤታችንን የሞላው እሱ ነው።

ሬዚስተሮች ላይ የሚታዩት ባለቀለም ቀለበቶች ቁጥር ናቸው። ጥቁር 0፣ ቡኒ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ ሰማያዊ 6፣ ሐምራዊ 7፣ ግራጫ 8፣ ነጭ 9። ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለው የቀስተ ደመና ቅደም ተከተል ስለሆነ ለመያዝ አያስቸግርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለበቶች አኃዝ ናቸው፤ ሦስተኛው ከኋላ ስንት ዜሮ እንደሚጨመር ይናገራል። በባንዲራችን እንለማመድ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፦ 5፣ 4፣ ሁለት ዜሮ። 5400 ኦም። ይሄ በተለመደው የገበያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፦ 2፣ 4፣ አምስት ዜሮ። 2.4 ሜጋኦም። ይሄኛው አለ። ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር ማወቅ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፦ ወርቃማው ወይም ብርማው ቀለበት መጨረሻ ላይ ይሆናል። እሱ ቁጥሩ ምን ያህል ከፍ ዝቅ ሊል እንደሚችል ይነግራል፤ ወርቃማ 5 በመቶ፣ ብርማ 10 በመቶ።

መለኪያዎቹን ቶሎ እንለፍ። ቮልት የሚለካው ጎን ለጎን ይገጠማል። አምፒር የሚለካው መስመሩ ተቆርጦ በመካከል ይገባል፤ ራሱ ሬዚስታንስ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ በባትሪ ሁለት ጫፍ ላይ ከገጠማችሁት ሾርት ታደርጉታላችሁ። ኦም የሚለካው ኃይሉ ጠፍቶ ብቻ ነው። ሽቦ ለማያያዝ ከሚቀልጠው የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል (ሶልደር) ለኤሌክትሮኒክስ የሚውለው ከዛፍ ሙጫ የተሠራ ማጽጃ ያለበት ነው፤ አሲድ ያለበት ለቧንቧ ሥራ ነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦን ይበላዋል።

ፈተናው ላይ ስትቀመጡ

በኮምፒውተር ሲሰጥ ኤሌክትሮኒክሱ 15 ጥያቄ በ10 ደቂቃ ነው። በወረቀት ሲሰጥ 20 ጥያቄ በ9 ደቂቃ። በወረቀቱ ለአንድ ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ካልኩሌተር የለም። ስለዚህ ልምምዳችሁንም ያለ ካልኩሌተር አድርጉት። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፤ አጠገባችሁ ካለ እጃችሁ ሳታስቡት ይሄዳል።

የኮምፒውተሩ ፈተና እንደ አመላለሳችሁ ይለዋወጣል። መጀመሪያ መካከለኛ ጥያቄ ይሰጣችኋል። ከመለሳችሁ ቀጣዩ ይከብዳል፣ ከሳታችሁ ይቀላል። ስለዚህ ጥያቄው እየከበደ ከሄደ አትደንግጡ፤ ደህና እየሄዳችሁ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ግን አይቻልም። ያላነበባችሁትን ጥያቄ መጨረሻ ላይ እየተቻኮላችሁ በዘፈቀደ መጫንም ይጎዳል። በወረቀቱ ነገሩ ሌላ ነው፤ መሳሳት አያስቀጣም፣ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም።

ውጤቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። እንደገና መፈተን ለፈለገ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ አንድ ወር፣ ከሁለተኛው በኋላ ሌላ አንድ ወር፣ ከዚያ ወዲያ በየስድስት ወሩ ነው የሚፈቀደው። ሲደገም የሚያዘው ደግሞ ከፍተኛው ሳይሆን የመጨረሻው ውጤት ነው። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም አንድ ላይ ስለሚደገም፣ ኤሌክትሮኒክሱን ለማሻሻል ብቻ ብሎ የተቀመጠ ሰው ይዞት የነበረውን ጥሩ ውጤት ጭምር ሊያጣ ይችላል። የፈለጋችሁት ሥራ ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅና እናንተ ስንት እንደጎደላችሁ ሪክሩተሩን በቁጥር ጠይቁት፤ የጎደለው ሁለት ሦስት ነጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ከኤሌክትሮኒክሱ ይልቅ ከሒሳቡ በኩል ነው።